አተር የቆጠሩት አበምኔት

ገበሬ ምርቱን ከአውድማ ሲያስገባ ለዘር የሚሆነውን አስቀድሞ ይለያል። ፍሬው የሞላውን፣ ነቀዝ ያልነካውን፣ ከሌላው ይልቅ ያማረውን መርጦ ለብቻው ያኖራል። ልጅ ወላጆቹን እንደሚመስል ሁሉ እህልም ዘሩን እንደሚመስል ከአያት ከቅድመ አያቱ የወረሰው ዕውቀት ነው። ይሁን እንጂ ማሳው አንዳንድ ጊዜ ያልተጠበቀ መልክ ያበቅላል። ከሁለት ትውልድ በፊት የጠፋ የመሰለ ቀለም ወይም ቅርጽ፣ አያቱን የመሰለ የልጅ ልጅ እንደሚወለድ ሁሉ፣ ሳይታሰብ ተመልሶ ይመጣል። ይህ ለምን እንደሚሆን የጠየቁ በየዘመኑ ብዙዎች ነበሩ። ቆጥረው መልስ የሰጡት ግን በመካከለኛው አውሮፓ፣ ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ በምትባለው አገር፣ በብርኖ ከተማ ይኖሩ የነበሩ አንድ መነኩሴ ናቸው። ስማቸው ግሪጎር ሜንደል ይባላል።

ሜንደል የተወለዱት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሐምሌ ወር 1822 ነው፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። የትውልድ መንደራቸው ሃይንዘንዶርፍ በወቅቱ በኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ሥር የነበረች የገበሬ መንደር ናት። ወላጆቻቸው ዮሐን ብለው ስም አወጡላቸው። አባታቸው አንቶን የራሳቸው ማሳና የፍራፍሬ ዛፎች የነበሯቸው ገበሬ ቢሆኑም የጉልበት ግብር ነበረባቸው፤ ከሳምንቱ ቀናት ከፊሉን በባለርስት ሁዳድ ላይ ይሠሩ ነበር። ዮሐን ከአባታቸው ሥር ሥር እያሉ የአንዱን ዛፍ ቅርንጫፍ በሌላው ግንድ ላይ አጣብቆ የማጽደቅን ጥበብ ተማሩ። ይህንኑ ጥበብ በአካባቢው ያስፋፉ የነበሩት የደብሩ ቄስ ሽራይበር ናቸው። ቄሱ በትምህርት ቤት የተፈጥሮን ነገር ያስተምሩ፣ የፍራፍሬ ችግኝም ለምእመናኑ ያዳርሱ ነበር። ሕፃኑ ዮሐን ቅዳሴ የሚቀድስና ችግኝ የሚያፈላ ሰው አንድ ሊሆን እንደሚችል ያዩት ገና በልጅነታቸው ነው።

የመምህራቸው ብርታት ታክሎበት ወደ ከተማ ትምህርት ቤት ተላኩ። ቤተሰቡ ግን ቀለባቸውን ሙሉ በሙሉ መቻል አልቻለም። በ1838 አባታቸው በሥራ ላይ ሳሉ ግንድ ወድቆባቸው ክፉኛ ተጎዱ፤ ከዚያ በኋላም እንደ ቀድሞው ማረስ አልሆነላቸውም። የ16 ዓመቱ ወጣት ሌሎች ተማሪዎችን እያስጠኑ በሚያገኙት ጥቂት ገንዘብ ኑሯቸውን ይገፉ ጀመር። ረሀቡና ጭንቀቱ ሲበረታባቸው ታመው ለወራት ቤታቸው ተኝተዋል። ትምህርታቸው ሊቋረጥ ሲል የታደገቻቸው ታናሽ እኅታቸው ቴሬዚያ ናት። ለትዳሯ ከተመደበላት የቤተሰብ ድርሻ ከፍላ ለወንድሟ ሰጠች። ሜንደል ይህን ውለታ አልረሱም፤ ዕድሜያቸው ገፍቶ አቅም ባገኙ ጊዜ የእኅታቸውን ልጆች አስተምረዋል።

በ1843 ዮሐን በብርኖ ወደሚገኘው የቅዱስ ቶማስ ገዳም ገቡ። በዚያም ግሪጎር የሚል የምንኩስና ስም ተሰጣቸው። ወደ ገዳሙ የመራቸው መንፈሳዊ ጥሪ ብቻ አልነበረም፤ የዕለት ጉርስ ጭንቀት ሳያሰናክላቸው የሚማሩበት ቦታም ይፈልጉ ነበር። ገዳሙ ሁለቱንም ሰጣቸው። የኦገስቲን ሥርዓትን የሚከተሉት የዚህ ገዳም አባቶች ከጸሎታቸው ጎን ለጎን በከተማው ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩ፣ በሥነ ልሳን፣ በሙዚቃ፣ በሒሳብና በዕፅዋት ጥናት የተሠማሩ ሰዎች ነበሩ። በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍት ያሉበት ቤተ መጻሕፍትና ዕፅዋት የሚጠኑበት የአትክልት ስፍራም ነበራቸው።

አበምኔቱ ሲሪል ናፕ የመጽሐፍ ቅዱስና የምሥራቅ ቋንቋዎች ሊቅ ሲሆኑ፣ በአገሩ የግብርና ማኅበር ውስጥም የታወቁ ሰው ነበሩ። ብርኖ የሱፍ ጨርቅ የሚመረትባት ከተማ ስለነበረች በጎችን የማዳቀል ጉዳይ ትልቅ የኑሮ ጉዳይ ነበር። በ1830ዎቹ በበግ አርቢዎች ስብሰባ ላይ ክርክሩ ሲጦዝ ናፕ ጥያቄውን አቅንተው አቀረቡት፤ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወረሰው ምንድን ነው፣ የሚወረሰውስ እንዴት ነው የሚል ነበር። ከዓመታት በኋላ መልሱን የሚፈልግለት ሰው በራሳቸው ገዳም ውስጥ ከራሳቸው ደቀ መዛሙርት መካከል ተገኘ።

አባ ግሪጎር ከ1844 ጀምሮ ለአራት ዓመታት የነገረ መለኮት ትምህርት ተከታተሉ። የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጓሜን፣ የቤተ ክርስቲያንን ታሪክና ሕግ በሚማሩበት በዚያው ጊዜ የግብርናና የፍራፍሬ ልማት ትምህርትም ይወስዱ ነበር። መምህሩ ፍራንዝ ዲብል የአንዱን አበባ ብናኝ በሌላው ላይ በመነስነስ የዕፅዋትን ዝርያ ማሻሻል እንደሚቻል ያስተምሩ ነበር። በ1847 ቅስና ተቀበሉ።

የደብር አገልግሎት ግን አልሆነላቸውም። የታመሙትንና በሞት አፋፍ ላይ ያሉትን ለመጠየቅ ሲሄዱ ሥቃያቸው በእርሳቸው ላይ እየተጫነ ራሳቸው አልጋ ያዙ። አበምኔቱ ናፕ ይህን አይተው ወደ ማስተማር ሥራ አዛወሯቸው። ተማሪዎቻቸው ወደዷቸው። ቋሚ መምህር ለመሆን ግን ፈተና ማለፍ ነበረባቸው፤ በ1850 ተፈትነው ወደቁ። ናፕ ተስፋ አልቆረጡባቸውም፤ በገዳሙ ወጪ ወደ ቪየና ዩኒቨርሲቲ ላኳቸው።

በቪየና ያሳለፏቸው ዓመታት ሜንደልን ለወጧቸው። ፊዚክስን ከክርስቲያን ዶፕለር፣ በቁጥር የመደርደርንና የማዛመድን ስሌት ከኤቲንግስሃውዘን፣ የዕፅዋትን ጥናት ከፍራንዝ ኡንገር ተማሩ። የፊዚክስ ሰው አንዱን ነገር ከሌላው ለይቶ ይመረምራል፣ ይቆጥራል፣ ከቁጥሩም ሕግ ይፈልጋል። ሜንደል ይህን ልማድ ይዘው ወደ አትክልት ስፍራቸው ተመለሱ። በ1856 ለመምህርነት ፈተናው ዳግመኛ ቀርበው አሁንም ሳይሳካላቸው ቀረ፤ እስከ 1868 ድረስ ያስተማሩት በጊዜያዊ መምህርነት ነው።

ምርምርና ምንኩስና በአንድ ቤት መኖራቸው ግን ያለ ሙግት የተገኘ አልነበረም። ከሜንደል በፊት የገዳሙን የአትክልት ስፍራ ይጠብቁ የነበሩት አባ ማቴዎስ ክላሴል በፍልስፍና አቋማቸው ምክንያት ከመምህርነት ተነሥተዋል። በ1854 ደግሞ የብርኖው ጳጳስ ገዳሙን ፈተሹ። መነኮሳቱ ከመንፈሳዊ ሥራ ይልቅ ለዓለማዊ ዕውቀት አድልተዋል ብለው በማመናቸው ገዳሙ እንዲዘጋ አሳሰቡ። ናፕና ወንድሞቻቸው ማስተማርና መመርመር የአገልግሎታቸው አካል መሆኑን ጠቅሰው ተከራከሩ። ገዳሙም ሳይዘጋ ቀረ። ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ በዚያው ዓመት በሜንደል እጅ ለሙከራ መዘጋጀት የጀመረው አተር ሳይዘራ በቀረ ነበር።

ሜንደል አተርን የመረጡት በምክንያት ነው። አተር በቀላሉ ይገኛል፤ ቶሎ ይደርሳል፤ አበባው እንደተከደነ ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ከውጭ የሚመጣ ብናኝ ሙከራውን አያበላሽበትም። 34 ዓይነት ዘር ሰብስበው ሁለት ዓመት ሙሉ ዘሩት፤ ዓላማቸው መልኩን ሳይለውጥ የሚወርድ ንጹሕ ዘር መሆኑን ማረጋገጥ ነበር። ከእነዚህም 22ቱን ለሙከራ አስቀሩ። ከዚያም በግልጽ የሚለዩ ሰባት ባሕርያትን መረጡ፤ የፍሬው ቅርጽ፣ የፍሬው ቀለም፣ የአበባው ቀለም፣ የተክሉ ቁመት እና ሦስት ሌሎች።

ሥራው የሚካሄደው 35 ሜትር ርዝመትና 7 ሜትር ስፋት ባላት ጠባብ መሬት ላይ ነበር። አባ ግሪጎር ገና ያልፈነዳውን እምቡጥ በእርጋታ ይከፍታሉ፤ የወንዴውን ክፍል በወረንጦ ይነቅላሉ፤ ከሌላ አተር ያመጡትን ብናኝ በሴቴው ላይ ያኖራሉ፤ ንብም ሆነ ሌላ ተባይ እንዳይደርስበት አበባውን በትንሽ ከረጢት ይሸፍናሉ። ሲደርስም እያንዳንዱን ፍሬ ይለቅማሉ፣ ይለያሉ፣ ይቆጥራሉ። እስከ 1863 ድረስ በዚህ መልክ ወደ 28,000 የሚጠጉ የአተር ተክሎችን እንዳሳደጉ ይገመታል።

ያገኙትን ለመረዳት አንዱን ሙከራ ማየት ይበቃል። ቢጫ ፍሬ ያለውን አተር አረንጓዴ ፍሬ ካለው ጋር አዳቀሉ። ከዚህ የተገኘው ፍሬ በሙሉ ቢጫ ሆነ፤ አረንጓዴው የጠፋ መሰለ። ያንኑ ቢጫ ፍሬ ዘርተው ራሱን በራሱ እንዲያዳቅል ተዉት። በተከታዩ ምርት 8,023 ፍሬ ሰበሰቡ፤ 6,022ቱ ቢጫ፣ 2,001ዱ አረንጓዴ ነበሩ። የጠፋው ተመልሶ መጣ። የመጣውም እንዲያው በዘፈቀደ ሳይሆን ከአራት አንድ እጅ ሆኖ ነው። ድቡልቡሉን ከተጨማደደው ፍሬ ጋር ባዳቀሉ ጊዜም 5,474 ድቡልቡልና 1,850 የተጨማደደ ቆጠሩ። ሰባቱም ባሕርያት ወደዚያው ወደ ሦስት ለአንድ የሚጠጋ መጠን መሩ።

ሜንደል ከቁጥሩ በስተጀርባ ያለውን ሕግ እንዲህ ገለጡት። እያንዳንዱ ተክል ለአንድ ባሕርይ ሁለት ድርሻ ይይዛል፤ አንዱን ከአባት፣ ሌላውን ከእናት። ለልጁ የሚያስተላልፈው ግን ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነው። አንዳንዱ ድርሻ ከሌላው ጋር ሲገናኝ ራሱን ይገልጣል፤ ሌላው ይደበቃል እንጂ አይሞትም። ሁለት የተደበቁ ድርሻዎች በአንድ ፍሬ ውስጥ ሲገናኙ የአያት መልክ እንደገና ይወጣል። ስለዚህ ሁለት ቢጫ ፍሬዎች ለዓይን አንድ ቢመስሉም አንዱ ንጹሕ፣ ሌላው በውስጡ አረንጓዴን የደበቀ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን የሚለየው ዘርቶ ልጆቻቸውን ማየት ነው። እስከዚያ ዘመን ድረስ ብዙ ሊቃውንት የወላጆች ባሕርይ በልጅ ውስጥ እንደ ወተትና ቡና ተቀላቅሎ ይቀራል ብለው ያስቡ ነበር። አባ ግሪጎር ግን ባሕርያት ሳይደባለቁ ለየብቻቸው እንደሚወርዱ አሳዩ። ዛሬ የዘረመል ሳይንስ የሚባለው ትምህርት የቆመው በዚህ ላይ ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የነገረ መለኮት ድርሻ ምንድን ነው? ሜንደል ስለ አተር በጻፉት ጥናት ውስጥ የቅዱሳት መጻሕፍትን ቃል ማስረጃ አድርገው አላቀረቡም፤ ማስረጃቸው የቆጠሩት ፍሬ ነው። በአንጻሩ ከስብከቶቻቸው በተረፈው ረቂቅ ላይ የትንሣኤውን ታሪክ ሲያብራሩ፣ ጌታ ለመግደላዊት ማርያም አትክልተኛ መስሎ መታየቱን አንሥተው የዘሪን፣ የዘርንና የተዘጋጀን መሬት ምሳሌ ያብራራሉ። ሰው የድርሻውን ጥቂት ድካም ይጨምራል፤ ማብቀሉ ግን የእግዚአብሔር ነው የሚል መልእክት አለው። አትክልተኛው በስብከቱ ውስጥ አለ፤ ሰባኪው ግን በሙከራው ቁጥር ውስጥ ጣልቃ አይገባም። ለሁለቱም ሥራ አንድ ዓይነት ሰው አስፈልጓል፤ የሚታገሥ፣ ያላየውን አየሁ የማይል፣ ፍጥረት ሥርዓት እንዳለው አምኖ ያንን ሥርዓት ዝቅ ብሎ የሚፈልግ።

ቻርልስ ዳርዊን ስለ ዝርያዎች አመጣጥ የጻፈው መጽሐፍ በጀርመንኛ ሲወጣም በዘመኑ ብዙ የሃይማኖት ሰዎች ሳያነቡት አወገዙት። ሜንደል ግን አነበቡት፤ በእርሳስ ምልክት ያደረጉበት ቅጂ እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይገኛል።

የምርምራቸውን ውጤት በየካቲትና በመጋቢት 1865 በብርኖ የተፈጥሮ ጥናት ማኅበር ፊት በሁለት ምሽት አነበቡ። አድማጮቹ በጨዋነት አዳመጡ እንጂ የነገሩን ክብደት የተረዳ አልነበረም። በተከታዩ ዓመት ጽሑፉ በማኅበሩ መጽሔት ታትሞ ወደ ብዙ የአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት ተላከ። ሜንደል 40 ያህል ቅጂ ለብቻ አሳትመው ለታላላቅ ሊቃውንት ላኩ። መልስ የሰጡት የሙኒኩ ፕሮፌሰር ካርል ኔግሊ ናቸው። እርሳቸውም የአተሩን ውጤት በጥርጣሬ አይተው ወደ ሌላ ተክል መሯቸው። ያ ተክል ብዙውን ጊዜ ያለ ድቅል ፍሬ የሚይዝ በመሆኑ፣ በዚያን ጊዜም ይህን ያወቀ ስላልነበረ፣ የሜንደልን የዓመታት ልፋትና የዓይናቸውን ጤና በከንቱ በላ።

በ1868 ናፕ ካረፉ በኋላ ወንድሞቻቸው ሜንደልን አበምኔት አድርገው መረጧቸው። ከዚያ ወዲህ ለሙከራ የሚተርፋቸው ጊዜ አነሰ። ቢሆንም ንብ ያንቡ፣ ፍራፍሬ ያዳቅሉ፣ የአየሩን ሙቀትና የዝናቡን መጠን በየዕለቱ ይመዘግቡ ነበር። በ1870 ከተማዋን የመታው ከባድ አውሎ ነፋስ የገዳሙን ጣሪያና መስኮት ሲያፈርስ፣ አበምኔቱ የነፋሱን አዟዟርና አካሄድ መርምረው ጽሑፍ አቀረቡ። ለትውልድ መንደራቸውም የእሳት አደጋ መከላከያ ማቋቋሚያ ገንዘብ ሰጡ።

የመጨረሻ ዓመታታቸውን ያጨለመው የግብር ክርክር ነው። መንግሥት በ1874 በገዳማት ላይ ከባድ ክፍያ የሚጥል ሕግ አወጣ። ሜንደል ሕጉ ፍትሐዊ አይደለም ብለው አንከፍልም አሉ። ሌሎች ሲስማሙ እርሳቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው ጸኑ፤ የገዳሙ ንብረት ሲያዝም አልተመለሱም። ወዳጆቻቸው እየራቁ ብቸኝነታቸው በረታ። ጥር 6 ቀን 1884 በኩላሊት ሕመም ዐረፉ። በጸሎተ ፍትሐታቸው ኦርጋን የተጫወተው በኋላ ዝነኛ የሙዚቃ ደራሲ የሆነው ሌኦሽ ያናቼክ ነው። ከቀብሩ በኋላ ብዙዎቹ የሜንደል ወረቀቶች በገዳሙ ተቃጠሉ። ድሆች እንደ አባታቸው አለቀሱላቸው፤ የሳይንስ ዓለም ግን ማን እንደሞተ አላወቀም።

ዘሩ ግን ሞቶ አልነበረም። በ1900 ሁጎ ደ ፍሪስ፣ ካርል ኮረንስና ኤሪክ ፎን ቸርማክ፣ በሦስት የተለያዩ አገሮች ሆነው፣ ተቀራራቢ ውጤት ላይ ደረሱ። የቀደሙ ጽሑፎችን ሲያገላብጡ አንድ መነኩሴ ከ34 ዓመታት በፊት እንደቀደሟቸው ተረዱ። በ1910 የሜንደል ሐውልት በብርኖ በገዳሙ አጠገብ ባለው አደባባይ ቆመ።

ሙግቱ ከዚያ በኋላም መልኩን ቀይሮ ተመለሰ። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ የሜንደልን ሕግ ይዞ የዓለምን የሰብል ዝርያ ሲያስስ በ1927 ወደ ኢትዮጵያም መጥቷል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የሰሜኑን ደጋ በቅሎ አስጭኖ አቋርጧል፤ የስንዴና የገብስ ዘር ሰብስቧል፤ አገራችን የብዙ ሰብሎች መገኛና የዝርያ ሀብታም መሆኗን ለዓለም መስክሯል። በስታሊን ዘመን ግን የሜንደል ተከታይ መሆን እንደ ወንጀል ተቆጠረ። ቫቪሎቭ በ1940 ታሰረ፤ በ1943 በእስር ቤት ሞተ። በ1948 የሜንደል ትምህርት በሶቪየት ኅብረት ታገደ። በ1950 የብርኖው ገዳም በኮሚኒስት መንግሥት ተዘጋ፤ ሐውልቱም ከአደባባዩ ተነሥቶ ወደ ገዳሙ ቅጥር ገባ። በ1854 ጳጳሱ ምርምርን ከገዳም ለማስወጣት ሞክረው ነበር፤ ከ100 ዓመት ገደማ በኋላ ደግሞ መንግሥት የመነኩሴውን ምርምር ከሳይንስ ለማስወጣት ሞከረ። ሁለቱም አልተሳካላቸውም። አተሩን ዳግመኛ የዘራ ሁሉ ያንኑ ሦስት ለአንድ ይቆጥራልና።

ዛሬ የተሻሻለ ዘር የሚዘራ ገበሬ የሜንደልን ሥራ ውጤት በእጁ ይዟል። ጤፍ አበባው እጅግ ትንሽ በመሆኑ ለረጅም ጊዜ ማዳቀል የማይቻል ይመስል ነበር። በ1970ዎቹ አበባው ማለዳ ለአጭር ጊዜ እንደሚከፈት ታወቀና ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች የአንዱን ብናኝ በሌላው ላይ ማኖር ቻሉ። በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል የአንዱን ዝርያ ነጭ ፍሬ ከሌላው ዝርያ ከፍተኛ ምርት ጋር ለማገናኘት ተዳቀለ፤ ልጆቹም ለዓመታት እየተዘሩ፣ እየተለዩ፣ እየተመረጡ ቆዩ። በ2006 ለገበሬው የተለቀቀው ቁንጮ የተባለው ጤፍ የዚህ ሥራ ፍሬ ነው። ተመራማሪዎቹ የተጠቀሙበት ስልት በመሠረቱ አባ ግሪጎር በገዳማቸው ግንብ ሥር የተጠቀሙበት ነው፤ ወረንጦ፣ በማለዳ መነሣት፣ ትዕግሥትና ፍሬን አንድ በአንድ መቁጠር።